ሰባት ቁጥርን ትታ አራት ቁጥርን ስለመረጠችው ንግሥት

ለክቡር አቶ ኤገን ሽታይንሜትስ
የኒደርለይ መንደር ከንቲባና የነጭ ወይን ጠጅ በዓል ኮሚቴ ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ከሦስት ቀን በዓል በኋላ ራስዎን እንደማያምዎት፣ ጉበትዎም እንደ ትዕግሥትዎ ሰፊ ሆኖ እንደሚዘልቅ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጉልበቴና ከቅናቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴን ሐኪም ይዞልኛል፤ ቅናቴን ግን የሚያክምልኝ ስላጣሁ ወደ እርስዎ ይዤው መጥቻለሁ።

በዚህ ዓመት ብቻ ለሦስተኛ ጊዜ የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ከአባቴ የወረስኩትን የዳገቱን የወይን ቦታ ለመንደሩ ለቅቄ፣ ግንዱ ተነቅሎ ለእንግዶች የወንዝ መመልከቻ ሰገነት እንዲሠራበት እፈቅድ እንደሆነ ከበዓሉ ማግሥት እንዳሳውቅዎ ጠይቀውኛል። «ዕድሜዎንና ጉልበትዎን በማሰብ» የምትለዋን ሐረግ ሳነብ እንባዬ መጣ። የሰባ ዓመት ሰው ጉልበት የሚያስብ ከንቲባ የት ይገኛል! መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን ስለ ሰንበቱ በዓል ጥቂት አቤቱታዎቼን እንዲያደምጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፦ የቀድሞ የወይን ንግሥቶች «የክብር ቦታ» እንደተዘጋጀልን በግብዣው ካርድ ላይ ተጽፎ ነበር። የእኔ ክብር የተገኘው በባንዱ ትልቁ ጡሩምባና በመጸዳጃ ቤቱ መካከል ነው። ከሁለቱ ነፋሶች የትኛው እንደሚሻል ለመለየት ሁለት ቀን ሙሉ ዕድል ስለሰጡኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከአርባ ስምንት ዓመት በፊት በንግሥትነት ምርጫ በአንዲት ድምፅ ያሸነፍኳት ጌርሊንደ ክሪንግስ ግን ከፊት ረድፍ፣ ትራስ ባለው ወንበር ላይ ተንፈላስሳ ነበር፤ ምክንያቱም የዘንድሮዋ ንግሥት የልጅ ልጇ ናት። እኔ የልጅ ልጅ የለኝም፤ ልጅም የለኝም። ይህ የኮሚቴው ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አቤቱታ መጻፍ ከጀመርኩ አይቀር እሱም ይመዝገብልኝ።

ሁለተኛ፦ ደረታችን ላይ ባሰራችሁልን ጥብጣብ ላይ «የቀድሞ» የሚለው ቃል «ንግሥት» ከሚለው በእጥፍ ይበልጣል። ሠራተኛችሁን ስጠይቀው «ከሩቅ እንዲነበብ ብለን ነው እትዬ» አለኝ። ተነብቧል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስተኛ፦ ራሷ ንግሥቲቱ። ፍራንካ ክሪንግስ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ይህ ብቻውን ራሱን የቻለ አቤቱታ ነው። አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ደረጃውን ዱብ ዱብ እያለች ስትወጣ፣ እኔ ደግሞ ከወንበሬ ለመነሳት የጡሩምባ ነፊውን ትከሻ ተደግፌ ሳያት፣ ምን እደብቅዎታለሁ፣ ቆሽቴ አረረ።

ክቡር ከንቲባ፣ ልማዳችንን እርስዎም አሳምረው ያውቁታል። አዲሷ ንግሥት ቅዳሜ ቀትር ላይ የአሥራ አንዱን ጠማቂ ወይን ስማቸው እንዳይታይ ካልሲ ከለበሱ ባለ ቁጥር ጠርሙሶች ትቀምስና የመጀመሪያው ጽዋ የሚነሳበትን ትመርጣለች። ማን የየትኛው ጠርሙስ ባለቤት እንደሆነ አታውቅም ይባላል። ይባላል እንጂ፣ ቤተሰቦቿ ዋዜማውን ቁጥሩን ሹክ ይሏታል፤ የቤቷን ወይን ትመርጣለች፤ ሁላችንም ተገርመን እናጨበጭባለን። እኔም በጊዜዬ አባቴ «ሁለት» ብሎኝ፣ ሁለትን ሳልቀምሰው መርጬዋለሁ፤ ይቅር ይበለኝ።

ፍራንካ ግን አሥራ አንዱንም ቀመሰች፤ ወደ አራት ተመለሰች፤ ደግማ ቀመሰችና «አራት» አለች።

«ሰባት!» አለች ጌርሊንደ ከትራሷ ላይ ብድግ ብላ፣ አደባባዩ ሁሉ እየሰማት። «ሰባት ነው ያልኩሽ! ደንቁረሻል እንዴ?»

«ሰባትንም ቀምሼዋለሁ አያቴ» አለች ልጅቷ። «አራት ይበልጣል። ዝናብ የመታው ጥቁር ድንጋይ ይሸታል፤ መጀመሪያ ቆጣ ይላል፤ ግን ቂም አይዝም።»

ካልሲው ሲወልቅ የእኔ ጠርሙስ ነበር።

እሰይ ማለት ይገባኝ ነበር፤ አላልኩም። ያንን ወይን አርባ ዓመት ስሸጥ «ጥሩ ነው፣ ቅመሱት» ከማለት በቀር ምንም የምለው አጥቼ፣ እሷ በአንድ ትንፋሽ ከአፌ ነጠቀችኝ። በጉልበቷ ቀናሁ፤ በምላሷ ቀናሁ። ሰው ሁሉ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ይጸልያል፤ የዚህች ልጅ ጸሎት ተሰምቷል፤ ከጡሩምባው አጠገብ ተቀምጬላታለሁ።

አራተኛ፦ ልጅቷ ንግግሯን ሳትጨርስ እርስዎ ማይክሮፎኑን ተቀብለው «ይህ ድንቅ ወይን የሚበቅልበት ዳገት በቅርቡ የአካባቢያችን ውብ መመልከቻ ይሆናል» ብለው ማብሰርዎን ሰምቻለሁ። እኔ ገና መልስ ሳልሰጥ መልሴን ስላወቁልኝ አደንቅዎታለሁ። ሕዝቡም የእኔን ወይን በእጁ እንደያዘ አጨበጨበ። ግንዱን ነቅላችሁ ምኑን ልትመለከቱ ነው፣ ብዬ መጠየቄ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ።

እሁድ ፍራንካ ዘውዷን በእጇ አንጠልጥላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እትዬ ሮስቪታ፣ አራት ቁጥር ከላይኛው እርከን ነው አይደል? ከአሮጌዎቹ ግንዶች?»

«ማን ነገረሽ?»

«ልጅ ሆኜ አጥርዎን እየዘለልኩ ዘለላ እሰርቅ ነበር። የላዩ ይጣፍጣል፤ የታቹ ውሃ ውሃ ይላል።»

«ሌባ!» አልኳት። ሳቀች። ለምን በራሷ መሬት እንደማትጠምቅ ስጠይቃት ሳቋ ቆመ። «ምን መሬት አለኝ እትዬ? የአያቴ ቦታ በሙሉ ለአጎቴ ሆነ። በመስከረም ሰው አገር ሄጄ ፋብሪካ ውስጥ ልቀጠር ነው።»

ያኔ ከሁሉ የከፋው ቅናት ያዘኝ። ይህች ልጅ የጌርሊንደ ከምትሆን የእኔ ምነው በሆነች ብዬ ቀናሁ። እነሆ፣ በአደባባይ ጻፍኩት፤ እፍረቱ የእኔ ነው።

ለጉልበቴ ስላሰቡልኝ፣ ለጡሩምባው፣ ለጥብጣቡና ገና ላልሰጠሁት ፈቃድ ላስገኙልኝ ጭብጨባ ምስጋናዬን ደጋግሜ እያቀረብኩ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ድምፄን የት እንደማኖር በጥሞና እያሰብኩ የምሰነብት፣

የእርስዎ ታማኝ፣ ታዛዥና የቀድሞ ንግሥት
ሮስቪታ ታይስን

ማስታወሻ፦ ለደብዳቤዎ መልሴን ልረሳው ነበር። ዛሬ ማለዳ፣ ፖስታ ቤት ከመሄዴ በፊት፣ ለአርባ ስምንት ዓመት ያልረገጥኩትን የጌርሊንደን ደጃፍ አንኳኳሁ። «ደግሞ ምን ልትወስጂብኝ መጣሽ?» አለችኝ። «የልጅ ልጅሽን» አልኳት። የዳገቱ ቦታ ለሃያ ዓመት በኪራይ የፍራንካ ሆኗል፤ ውሉ ተፈርሟል፤ ዘውዷን ቤት ትታ ነገ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መቀስ ይዛ ትመጣለች። መመልከቻውን በተመለከተ አይዘኑ፦ ከቢሮዎ መስኮት ዳገቱ ፊት ለፊት ይታያል። አንዲት አሮጊትና አንዲት ሌባ በወይን ግንድ አገራረዝ ሲጨቃጨቁ፣ ሌላዋ አሮጊት ደግሞ ከአጥር ማዶ በቅናት ስታርር ያያሉ። እንግዶችዎንም ይጋብዙ፤ መስኮትዎ የሚበቃቸው ይመስለኛል።