ከስድስት ቁጥር ዒላማ ሥር

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 2

ሱቅ እስከ ምሳ ሰዓት። ነፋስ። ሦስት ደንበኛ ብቻ። አንዷ የመጋረጃ ጨርቅ አስቆርጣ "ትንሽ ጨመር አታደርጊልኝም?" አለች። አላደርግም። ሜትር ሜትር ነው። "ሬይዊን፣ አንቺ እኮ አንዲት ጣት አትጨምሪም" ብላ እየሳቀች ወጣች። ስድብ ይሁን ምስጋና እንጃ። አንዲት ጣትም አልቀንስም፤ እሱን ግን ማንም አያነሳውም።

ማታ ቴጋን "እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች። ይህች ልጅ እንዲህ ብላ ጀምራ ደህና ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። የተኩስ ክለቡ አዲስ ደንብ አውጥቷል። ለእያንዳንዱ ተኳሽ አንድ ሰው ዒላማው ሥር ጉድጓድ ውስጥ ይሠራል። ሰው ያላመጣ አይተኩስም። የሌሎቹ ልጆች አባቶቻቸው ይገቡላቸዋል። የእሷ አባት አውስትራሊያ ነው። ተኩስ አስተማራትና ጥሎን ሄደ። ሰውየው ሄደ፣ ጠመንጃው ቀረ።

"ጉድጓድ ገብቼ ምን ልሠራ?"

"ዒላማ ታወርጃለሽ፣ ታወጫለሽ።"

"በላዬ ላይ እየተኮሱ?"

"በላይሽ ነው እንጂ በአንቺ ላይ አይደለም።"

በጣም ተጽናናሁ! "ካልፈለግሽ ተይው" አለች ደግሞ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሺ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9

የመጀመሪያ ቀን። መጀመሪያ የሚግጡትን በጎች ከሜዳው ማባረር አለባቸው። በጎቹ ከሰዎቹ የተሻለ አስተዋይ ይመስላሉ፤ ቢያንስ ቆመው ነው የሚያዩት። ሰዎቹ ግን ኪሎሜትር ሊሞላ ትንሽ በቀረው ርቀት ላይ በሆዳቸው ተኝተዋል። የባንክ ሠራተኛ፣ የከብት ሐኪም፣ ጡረተኛ… በሆዳቸው።

እኛ ደግሞ እዚህ፣ ከሲሚንቶ ግድግዳ ጀርባ፣ ቦይ የመሰለ ነገር ውስጥ። ዒላማዎቹ ከራሳችን በላይ በብረት ፍሬም ላይ ቆመዋል። እኔ ስድስት ቁጥር ተሰጠኝ። አለቃው ሜርቭ የሚባል ሽማግሌ ነው፤ ሱሪውን በሲባጎ የሚያስር። "ልጄ" ይለኛል። ሃምሳ ልደፍን ምንም አልቀረኝም።

"ጥይት ሲመታሽ ዒላማውን ታወርጃለሽ" አለኝ።

"ሲመታኝ?"

"ሲመታው። ቀዳዳውን ትፈልጊያለሽ። ተኳሹ በመነጽር እንዲያየው ክብ ምልክት ትሰኪበታለሽ። የፊተኛውን ቀዳዳ በወረቀት ትለጥፊያለሽ። ነጥቡን ትሰቅያለሽ፣ ዒላማውን ታወጫለሽ። ከዚያ ትጠብቂያለሽ።"

"በቃ?"

"በቃ። ሰው የሚያቅተውም ይኸው ነው።"

ፈላስፋ! ጉድጓድ ውስጥ የተደበቀ ፈላስፋ።

ከዚያ… እንዴት ብዬ ልጻፈው። ጥይት በራስ ላይ ሲያልፍ እንደ ጅራፍ ነው የሚጮኸው። ጮኸ፣ ዒላማዬን አወረድኩ። ቀዳዳ የለም። አወጣሁ። ጮኸ፣ አወረድኩ። የለም። ሦስተኛ ጊዜ ስደግመው ከተኳሾቹ መስመር ጋር የሚያገናኘን ሬዲዮ "ስድስት ቁጥር፣ ተኳሽሽ ገና አልተኮሰም፤ ምን እየፈለግሽ ነው?" አለ። ጉድጓዱ በሙሉ ሳቀ። ለካ የጎረቤቴን ጥይት እየሰማሁ ነው የማወርደው።

ጎረቤቴ ግሌኒስ ትባላለች። ኮሪ የሚባል ልጅ አላት፤ እሱም ይተኩሳል። "አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ሁላችንም እንዲሁ ነው የጀመርነው" አለችኝ። የኔ ቆንጆ! ምላሷ ላይ ማር የተቀባች። ቋሊማ በዳቦም ሰጠችኝ። ደረቅ ነበር። በላሁት።

ሜርቭ መጣና "ጆሮሽ የጎረቤትሽንም ይሰማል፤ አትመኚው። ዓይንሽን ከዒላማሽ ኋላ ያለው አሸዋ ላይ ትከይ። ያንቺ ሲሆን አሸዋሽ ይዘላል" አለ። ይህን ከመሳቁ በፊት ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

እሑድ፣ ኖቬምበር 10

ክንዴ አልነሣ አለኝ። ቴጋን እንዴት ነበር አላለችም። እኔም አልነገርኳት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 23

ዛሬ አንድ ጢማም ሰውዬ ተከራከረኝ። ሦስት ሰጠሁት፣ አራት ነው አለ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ መሃሉ አምስት፣ ከመሃል ሲወጣ በየመስመሩ አንድ አንድ እየቀነሰ ይሄዳል። ቀዳዳው መስመሩን ከነካ ከፍ ያለው ነጥብ ይሰጣል። ካልነካ አይሰጥም። ክርክር ሲመጣ ሜርቭ የጥይት ውፍረት ያላት የናስ ቁራጭ ከኪሱ አውጥቶ ቀዳዳው ውስጥ ይሰካል። ተኳሹ ካልተከራከረ ግን የእኛ ቃል የመጨረሻ ነው።

ሰካት። ጎንበስ ብሎ አየ። "አልነካም። ሦስት ነው።" ቀና ብሎ ደግሞ እኔን አየኝ። "ዓይንሽን ከየት አመጣሽው?"

"ከጨርቅ" አልኩት።

ሻይ ላይ ጢማሙ ፊቱን አዞረብኝ። ደስ አለኝ። ትልቅ ሰው በአንዲት ቀዳዳ ያኮርፋል! ለነገሩ እኔስ በአንዲት ቀዳዳ ደስ ብሎኝ የለ?

ግሌኒስ ደግሞ ለሁሉም ትሰጣለች። መስመሩ አጠገብ ካለ "ነክቷል፣ ነክቷል" ትልና ከፍ ያለውን ትሰቅላለች። ሰው እንዲወዳት። እንዲህ ያለ ሰው ሱቄ ውስጥ አንድ ሳምንት አይቆይም።

ሌላም ደንብ ነገሩኝ። ዘመድ የዘመዱን ዒላማ አይዝም። የቴጋንን ልያዝ ያለ የለም፤ እኔማ ጭራሽ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 7

ወሬው ወጣ። እንግሊዝ አገር የሚሄድ የወጣቶች ቡድን ሊመረጥ ነው። ከእኛ ወረዳ አንድ ሰው። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ውድድር አለ፤ ያሸነፈ ይሄዳል። ቴጋን መኪና ውስጥ ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፣ እንዳይሰበር እንደምትፈራው ዕቃ።

"ለስንት ጊዜ ነው?"

"ለአንድ ወር።"

አባቷ ዳሪልም አውስትራሊያ፣ ፐርዝ የሄደው ለአንድ ወር ብሎ ነው።

አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከሄደች በኋላ ይህችን ከተማ፣ ይህን ሱቅ፣ እኔን… ምን ብላ ትመለስበታለች? ባትመረጥ ደስ ይለኛል። ይኸው ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 25

ገና። ፓቭሎቫ ኬኬ መሃሉ ተናደ። ዳሪል ደወለ። ልጄ ስልኬን አታነሣም ብሎ አዘነ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። ደግሞ "ጠመንጃውን በደንብ ታጸዳዋለች?" አለኝ። ስለ ጤናዋ ሳይጠይቅ! ስልኩን ለቴጋን ሰጥቼ ሰሃን አጠብኩ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 11

ዛሬ ዒላማዬን አንድ ጊዜም በስህተት አላወረድኩም። ሜርቭ አይቶ አለፈ። ምስጋና የማያውቅ ሽማግሌ።

ቴጋን በየማታው ባዶ ጠመንጃ ይዛ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ትተኛለች። ትተነፍሳለች፣ ታቆማለች፣ ቃታውን ትስባለች። ደግማ ደጋግማ። እኔ በዙሪያዋ ምንጣፍ በማሽን እጠርጋለሁ። እግሯን እንኳ ሰብሰብ አታደርግም። ዛሬ ማሽኑን አቁሜ ሳያት፣ እሷ ትንፋሿን ስትይዝ እኔም ይዤ ኖሯል። ቂል።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 25

ልጻፈው። ካልጻፍኩት እንቅልፍ የለም።

ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ከጠዋት ጀምሮ ሲያናውጥ ዋለ። ምሳ ላይ ነጥቡ ተለጠፈ። ቴጋንና የግሌኒስ ልጅ ኮሪ እኩል ናቸው። ሌሎቹ በጣም ርቀዋል። የቀረው የመጨረሻው ዙር ብቻ፣ ከሩቁ። ቴጋን አራት ቁጥር ላይ፣ ኮሪ ዘጠኝ ላይ፣ እኔ እንደ ሁልጊዜው ስድስት።

ሊጀመር ሲል የአራት ቁጥር ሽቦ ተበጠሰ። ፍሬሙ ተንኮታኩቶ ወረደ። ሜርቭና ሁለት ሰዎች ሮጡ። አልሆነም። ሬዲዮው "የአራት ቁጥር ተኳሽ ወደ ስድስት ትዛወር። ባዶ ዒላማ እሱ ብቻ ነው" አለ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

"ልጄ ናት፣ አልይዝም" አልኩ።

"እኔ ልያዝላት" አለች ግሌኒስ ከሰባት ቁጥር።

ሜርቭ ሁለታችንንም አየ። "ያንቺም ልጅ የሚወዳደረው ከእሷው ጋር ነው። የአራት ቁጥሩን ሰው ለሽቦው እፈልገዋለሁ፤ ሌሎቹን ለማቀያየር ሰዓት የለም። ሁለት እናት… ሬይዊን፣ አንቺ ያዢ። ክርክር ከመጣ እመጣለሁ።" በሬዲዮም ስሜን ጠርቶ ለሁሉም ተናገረ፣ ኋላ ወሬ እንዳይሆን። ከዚያ ሽቦው ጋ ተመለሰ።

ዓይኔን አሸዋው ላይ ተከልኩ።

አምስት። አምስት። አራት። አምስት… ያን ነፋስ እንዴት እንደምታነበው አላውቅም። ማን አስተማራት? ያ ሰነፍ አባቷ ሊሆን አይችልም። አውርጄ፣ ለጥፌ፣ ሰክቼ፣ አውጥቼ… እጄ እኔን አይጠብቅም፣ ብቻውን ይሠራል። መሃል ላይ አንድ ነገር ገባኝ። እንድታሸንፍ ነው የምፈልገው። ከወር በላይ እንድትወድቅ ስመኝ የከረምኩት እኔ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ "በይ በይ፣ ልጄ" እላለሁ።

የመጨረሻዋ ጥይት። አሸዋው ዘለለ። አወረድኩ።

ከመሃሉ በስተቀኝ፣ ዝቅ ብሎ። መስመሩ አጠገብ። ጎንበስ አልኩ። በቀዳዳውና በመስመሩ መካከል ወረቀት አለ። ክር የምታህል። ግን አለች።

ግሌኒስ አንገቷን አስግጋ "ነክቷል! አምስት ስጫት" አለች።

"አልነካም።"

"ማን ያያል ሬይዊን? ስጫት እንጂ!"

የገዛ ልጇ ነው የሚወድቀው። ቀና ብዬ አየኋት። ታውቃለች። "ኮሪ የራሱን ይተኩስ፤ ይህቺ ልጅ ለፍታለች" አለች። ዓይኗ እንባ አዝሏል። ሁለት ወር ተኩል ሙሉ ማር የተቀባች ስላት ከረምኩ፤ ሴትዮዋ ግን እንዲያው ደግ ናት። በቃ ደግ ናት።

እኔ አይደለሁም። ቀዳዳው መስመሩን አልነካም። አራት ሰቀልኩ፣ ዒላማውን አወጣሁ።

ከዚያ መጠበቅ። ተከራከሪ፣ አልኩ በልቤ። ተከራከሪ በይ፣ ሜርቭ ናሱን ይዞ ይምጣ፣ እሱ ይበለው፣ እኔ አልሁን። በሬዲዮው የመጣ ክርክር የለም። ከዚያ "ስድስት ቁጥር፣ ተኳሽ ጨርሳለች።"

ኮሪ በአንድ ነጥብ በለጣት።

ቴጋን መኪና ውስጥ በመስኮት በግ ስትቆጥር መጣች። የፈለግሁትን አገኘሁ አይደል? አትሄድም። ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም?

እሑድ፣ ጃንዋሪ 26

እራት። የበግ ሥጋና ድንች። ቀኑን ሙሉ ክፍሏ ውላ ነው የወጣችው።

"አሰልጣኙ ተከራከሪ እያለ ሲነዘንዘኝ ነበር" አለች ድንገት።

"ለምን አልተከራከርሽም?"

"ስድስት ቁጥርን ማን እንደያዘው ሰምቻለኋ።"

"እና?"

"ሌላ ሰው ቢሆን እከራከር ነበር።" ድንቹን በሹካ ወጋችው። "አንቺ ግን ለሰው አንዲት ጣት ጨርቅ ጨምረሽ አታውቂም። ቀንሰሽም አታውቂም።"

አለመቀነሴን ማንም አንስቶልኝ አያውቅም ነበር። ሹካዬን አስቀመጥኩ።

"እንዳትሄጂ እፈልግ ነበር" አልኳት። አመለጠኝ።

"አውቃለሁ። ፊትሽ ላይ ተጽፎ ነው የከረመው።"

"እያወቅሽ እንዴት አመንሽኝ?"

ትከሻዋን ሰበቀች። "አራት ነበር አይደል?"

"አራት ነበር።"

"እኔም ጥይቷ ከእጄ ስትወጣ አውቄያታለሁ። ጨው አቀብዪኝ።"

አቀበልኳት።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 22

ሜርቭ አዲስ ሰው ሰጠኝ፣ አስተምሪው ብሎ። የጥርስ ሐኪም። ልጁ መተኮስ ጀምሯል። ጓንት አድርጎ መጣ። ጓንት! የጎረቤቱን ጥይት እየሰማ ሦስት ጊዜ ዒላማውን አወረደ። ሦስተኛው ላይ ስቄ ሳበቃ "ልጄ፣ ጆሮህን አትመነው፤ ዓይንህን አሸዋህ ላይ ትከል" አልኩት። ልጄ አልኩት እኮ። ከእኔ ሳይበልጥ አይቀርም። ግሌኒስ ቋሊማ ሰጠችው። ያው ደረቅ ነው፤ ሲያመሰግናት አየሁ።

ቤት ስገባ ቴጋን ምንጣፉ ላይ ናት። የመጥረጊያ ማሽኑን አወጣሁ፣ ሶኬት ሰካሁ፣ ከዚያ ቆሜ ጠበቅኳት። ትንፋሿን ያዘች፣ ቃታውን ሳበች፣ ለቀቀች። ያኔ አስነሣሁት። እግሯን ሰብሰብ አደረገችልኝ።

በሚመጣው ዓመት ትሂድ። ይኸው ጻፍኩት።