ሦስት ኪሎ ከሩብ

የዓይኔ ብርሃን ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው አይጥፋብሽ። እኛ ደኅና ነን። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል፤ መነጫነጩ ግን እንዳለ ነው።

ያንቺን የሕፃንነት ልብሶች ለእህትሽ አራስ ልጅ ልልክ ጠቀለልኳቸው። ፖስታ ቤት ከሦስት ኪሎ ካለፈ ዋጋው ይጨምራል አሉኝ። ቤት ሚዛን ስለሌለ ጥቅሉን እንደ ሕፃን አቅፌ ገመትኩት። ልክ ስትወለጂ የነበርሽውን ያህል ከበደኝ። «ሦስት ኪሎ ነች» ብዬ የዚያኑ ሒሳብ ብቻ ይዤ ሄድኩ።

ሠራተኛው ሲመዝነው ሦስት ኪሎ ከሩብ ሆነ።

«ሚዛንህ ተበላሽቷል! የገዛ ልጄን የማላውቃት መሰለህ?» ብዬ ጮኽኩበት።

ሰውዬው ደንግጦ «እማማ፣ ውስጡ ያለው ምንድን ነው?» አለኝ።

ጥቅሌን ይዤ ተመለስኩና የልደት ወረቀትሽን ባወጣው ሦስት ኪሎ ከሩብ ይላል። ለካ ቁጥሩን ነው እንጂ የረሳሁት፣ እጄስ አልተሳሳተም። ነገ ሰውዬውን ይቅርታ ጠይቄ ጥቅሉን እልካለሁ።

በላክሽው ፎቶ ላይ ጉንጭሽ ጎድሏል። አባትሽ «ካሜራው ነው» ይላል። እጄ እዚያ ድረስ አይደርስ ነገር! እስቲ የኔ እናት፣ ሚዛን ላይ ውጪና የሚለውን ምንም ሳትጨምሪ ጻፊልኝ።

አንቺኑ አቅፌ እስክገምትሽ ፈጣሪ ይጠብቅልኝ።

እናትሽ