«ሰላም ነው በይው»

ኅዳር 8
ሩዝ ስናጭድ ዋልን። ወገቤ… ከሰዓት ኔትወርክ መጣና ስልኩን ከፈትሁ። ያየህ ጽፏል! ወንድሜ። አባታችን የሞተ ዓመት ነው ለማደጎ ስፔን የሄደው፤ እኔ ገና እናቴ ጀርባ ላይ ነበርሁ። አማርኛ ረስቷል፣ ስልኩ ነው የሚተረጉምለት። «ለገና ከእናቴ ጋር ላያችሁ እመጣለሁ። ቁሐር ሚካኤል ለመድረስ ምን እናዘጋጅ?» ይላል።
ለእናታችን ለእምዬ ሳነብላት «ከሴትዮዋ ጋር» አልሁ። «ከእናቴ ጋር» ማለት አፌ አልቻለም።

ኅዳር 11
ጥያቄ በጥያቄ። ምን ጫማ? ውሃ ከየት? ወባ አለ? ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም፣ ስጽፍ ግን… «ቦቲ አትያዙ፣ የክረምቱ ውሃ ሸሽቶ መሬቱ ደርቋል። የታሸገ ውሃ ከባሕር ዳር ግዙ። የወባውን መድኃኒት ሐኪም ጠይቁ፣ አጎበር እኛ አለን። ዋንዛዬ ፍል ውሃ ከሄዳችሁ ፎጣና ቅያሪ ልብስ» ብዬ ላክሁ።
አጎቴ በላይነህ ሰምቶ፣ «አንቺ ዝምተኛ፣ አስጎብኚ ሆንሽ አሉ! እኔንስ ስፔንን መቼ ታስጎበኚኛለሽ?» አለኝ።

ኅዳር 15
ዛሬ አንድ ጥያቄ ብቻ። «አካባቢው ሰላም ነው?»
እምዬ ሩዝ እያበጠረች፣ «ሰላም ነው፣ እግዜር ይመስገን በይው! የሴትዮዋስ ቤት ሰላም ነው?» አለች። ሰላምታ መሰላት።
«እምዬ፣ መንገዱን እኮ ነው…»
«በይው አልሁሽ!»
ባለፈው ሳምንት እንኳ መንገዱ ተዘግቶ መኪና አልነበረም፣ እሷም ታውቃለች። ግን «ሰላም ነው ወይ?» ሲባል «አይደለም» የሚል ማን አለ? የታመመ ሰው እንኳ አይልም።
ጻፍሁ። ሰላም ነው።

ታኅሣሥ 4
ትኬት ቆረጡ። እምዬ ግድግዳውን ለቀለቀች። አልጋው ለእነሱ፣ እኛ መሬት። ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም ነበር።
«መንገዱ አይታመንም» ብዬ ጻፍሁ። አጠፋሁት። ብልክለት ቢቀርስ? እምዬን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ታኅሣሥ 25
ባሕር ዳር ገብተዋል። ይህን ያህል ቅርብ! መንገዱ ግን ትናንት ተዘጋ። ወረታ አንድም መኪና አልገባም።

ታኅሣሥ 26
ደወለ። «እማ» አለ፣ ከዚያ በላይ አልቻለም። እምዬ «ያየህዬ፣ በላህ? ብርድ አለ?» ትለዋለች፣ አንዱም አልገባውም። ሁለቱም እያለቀሱ ስልኩ ተቋረጠ።
ቆይቶ ጽሑፍ መጣ። «ሰላም ነው ብላችሁኝ ነበር። እናቴ ፈርታለች። የሆቴሉ ሰዎች ተመለሱ ይሉናል።»
«ምን ይላል?»
«መንገዱን እየጠበቁ ነው» አልኋት።

ታኅሣሥ 28
ወደ ስፔን በረሩ።

ታኅሣሥ 29፣ ገና
ለእነሱ የያዝነውን ዶሮ አጎቴ አረደው። አልቀለደም። እምዬ አልቀመሰችም፣ አልጋው ላይም አልተኛችም። እውነቱን ብጽፍለት ኖሮ መንገዱ ሲከፈት ይመጣ ነበር… ማን ያውቃል? «ሰላም ነው» የእሷ ቃል ነው፣ የጻፈው ግን የእኔ እጅ ነው። ከእንግዲህ ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ ምን ልበል?

ጥር 14
ያየህ ጻፈ። «ለፋሲካ ብቻዬን ልምጣ? መንገዱ እንዴት ነው? እውነቱን ንገሩኝ። ለእናቴ አልነገርኋትም።»
ሁሉንም አነበብሁላት። ምንም አልቀየርሁም፣ «እናቴ» የሚለውንም።
«እናቱ አታውቅም?» አለችኝ።
መጀመሪያ ስለ ራሷ የምታወራ መሰለኝ።
«አታውቅም።»
«እንግዲያ አትምጣ በይው።»
«እምዬ… እስከ ፋሲካ ሊከፈት ይችላል እኮ።»
«አትምጣ በይው፣ እየሩስ። መንገድ ላይ የእኔም የእሷም ሳይሆን እንዳይቀር።»
ጻፍሁ። መንገዱ ክፉ ነው፣ አትምጣ።
ስልኩን እያየች፣ «ሄደ?» አለችኝ።
«ሄደ።»