በእጅ ጀርባ

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

ለሩቋ ቀበጥ፣ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ወንድምሽ ጀግና ሆኖብናል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። የሽልማቱን ፎቶ አይተሽ በደስታ አለቀስሽ አሉኝ። እንባሽን ቆጥቢው፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ እንባ የሚገባው ሰው ብዙ አልነበረም።

እሳቱ የተነሳ ቀን ጭስ የሕንፃውን የፊት ደረጃ ዘግቶት፣ ልብስ ሰፊዋ ከነልጇ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀርታ ነበር። ወንድምሽ በኋላ በር ሊገባ ዞረ። በሩን የሕንፃው ባለቤት በብረት አስበይዶታል። ሌባ እንዳይገባ ነው አለ፤ ከእሱ ሌላ በሰፈሩ ሌባ መኖሩን እኔ አልሰማሁም። የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ለአለቃው መኪና መጋረጃ ሲገዛ ጓንት መግዛት ረስቶ ኖሮ፣ ወንድምሽ የጋለውን ብረት በተቀደደ ጓንት ፈልቅቆ ሁለቱንም አወጣቸው።

ታዲያ ሜዳሊያውን እንዲያጠልቅለት የተጠራው የክብር እንግዳ ማን መሰለሽ? ያው ባለ ሕንፃው። ስለ ጀግንነት ሲናገር ወንበሬ ሳይቀር አንቀላፋ። አለቃው ደግሞ አጠገቡ ቆሞ፣ ሰውየው ቢያስነጥስም የሚያጨበጭብ ይመስል ነበር።

ይኸው አለቃ ቀደም ብሎ ወንድምሽን ቢሮው ጠርቶት ነበር። የእሳቱን ነገር የሚመረምሩት አጣሪዎች ሲጠይቁህ በሩ ዝጎ ነው እንጂ አልተበየደም በል፣ የቢሮ ሥራ እንሰጥሃለን ብሎታል። የተቃጠለው መዳፉ ከእንግዲህ የውሃ ቱቦ እንደማይጨብጥ ሐኪሙ ነግሮታልና፣ ከዚያ ወንበር ሌላ የቀረው ሥራ አልነበረም። ወደ አዳራሹ ልንሄድ ስንል፣ የጫማውን ክር እያሰርኩለት ምን ልትል ነው አልኩት። አጎቴ፣ ጠበቅ አድርገው ብሎ ሌላውን እግሩን ዘረጋልኝ።

ሰውየው ሜዳሊያውን አጥልቆለት እጁን ዘረጋ። ወንድምሽ በፋሻ የተጠቀለለውን እጁን አዙሮ በጀርባው ነካ አደረገው። እሳት አጥፊዎች ከተዘጋ በር ጀርባ እሳት መኖሩን የሚፈትሹት እንዲህ ነው።

“ምነው፣ አትጨብጠኝም እንዴ?” አለ ሰውየው፣ ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑን ረስቶ።

“መዳፌ ካስበየዱት በር ላይ ቀርቷል፣ ጌታዬ።”

አጣሪዎቹ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። አለቃው ማጨብጨብ ጀምሮ እጁ አየር ላይ ቀረ።

ወንበሩ ለአለቃው አማች ተሰጠ። ባለ ሕንፃው ግን ቃሉን እንዲሰጥ ተጠርቷል፤ አሁን እሱም ከኋላ የሚወጣበት በር እየፈለገ ነው። ሜዳሊያውን የልብስ ሰፊዋ ልጅ ለአሻንጉሊቷ አጥልቃላታለች። ከአዳራሹ ትልልቅ ሰዎች አሻንጉሊቷ ትሻላለች፤ ቢያንስ ንግግር አታደርግም።

ወንድምሽ ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልጻፍኩላት በልልኝ ብሎኛል። ይኸው ብያለሁ። አንቺ ግን ቶሎ ቶሎ ጻፊለት፤ ፖስታውን እኔ እከፍትለታለሁ።

የምትገቢበት በር ሁሉ ለመውጫም የሚከፈት ይሁንልሽ።

ነገረኛው አጎትሽ