ሦስተኛው ጉድጓድ

ይድረስ ለምናፍቅህ ወንድምዓለም ሀሩን፣
ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? ሐያትስ እንደምን ናት? ኢክራም ቆማ መሄድ ጀመረች ወይስ ገና ዳዴ ላይ ናት? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ሲሚንቶ ያሸክሙሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የሮቢት መጋቢት እንደምታውቀው ነው፤ ድንጋዩን ሳይቀር ያልበዋል። እናታችን ደህና ናት፤ ቁልቁለት ሲሆን ብቻ ጉልበቷ ያስቸግራታል። እኔም ደህና ነኝ። መቆጣቴን ግን አልደብቅህም።

የተቆጣሁት ደግሞ በአንተም ጭምር ነው። ባለፈው ስትደውል «ኑርሃን፣ ተይው፣ ዝም አይነቅዝም። መሬቱም ውሃውም ይቅር፤ እማን ከተማ አስገቢያትና እኔ እየላክሁ ትኑር» አልኸኝ። መስመሩ ተቆረጠና ሳልመልስልህ ቀረሁ። መልሴ ይኸውልህ፤ ግን የሆነውን ሁሉ በቅጡ ስላልሰማህ ከሥሩ ልጀምርልህ።

የመስኖ ማህበሩ ኮምፒውተር ላይ እንደምሠራ ታውቃለህ። ከወንዙ ውሃ የሚካፈለው ገበሬ ተራ በሙሉ፣ ማን በየትኛው ቀን ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ቦዩን እንደሚከፍት፣ ሰርቨር በምንለው ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው። የዚያን ቅጂ ማውጣት የእኔ ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የዘንድሮው ተራ ኅዳር ላይ እንደጸደቀ ሁለት ዲስክ ላይ ገለበጥሁት። የገበሬውን ተራ ብቻም አይደለም፤ ማሽኑ የሚነሳበትን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጭምር፣ እንዳለ። መረጃው ብቻ ቢተርፍ እህል ይዞ ወፍጮ እንደማጣት ነዋ! አንዱን ዲስክ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ጌታቸው ከሰርቨሩ ጋር እንደተሰካ ይቀመጥ ብለው አዘዙ። ተነቅሎ ሌላ ቦታ ቢቀመጥ ይሻላል ብላቸው፣ ተሰክቶ ከታየ ማንም አይወስደውም አሉኝ። ሁለተኛውን ቤት ይዤ ሄድሁና ከእሳት፣ ከሌባና ከአይጥ የራቀ ቦታ አስቀምጪልኝ ብዬ ለእማ ሰጠኋት።

የካቲት ላይ በልጉ ብቅ ሲል መብረቅ በሽቦው ገባና ሰርቨሩን አቃጠለው። እንደተሰካ የነበረው ቅጂም አብሮት ሄደ። እኔ ደንግጬ ሳላበቃ አቶ ጌታቸው ስብሰባ ጠሩ። የነበረው ጠፍቷልና ተራው ከአዲስ ይመዝገብ፣ አባወራውም በአካል ቀርቦ ይፈርም አሉ። ከቦዩ ራስ ያሉት፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር ያላቸው፣ እሰየው አሉ። አባባ ካረፈ ወዲህ የእኛ ተራ በማን ስም እንደሆነ ታውቃለህ፤ በአንተ ነው። አንተ ደግሞ ጅዳ ነህ። ባሏ የሞተባት እትዬ ጌጤም፣ ልጆቿ የተሰደዱባት ሁሉም «አባወራ በአካል» በምትል አንዲት ቃል ከውሃው ሊወጡ ሆነ። እማ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ «ልጄ ቢሄድ መሬቱ ተከትሎት ሄደ ወይ?» ስትል አቶ ጌታቸው የምዝገባውን ቀን ቆርጠው ስብሰባውን ዘጉ። ሀሩን፣ ያን ቀን ፊቷን ብታየው ተይው አትለኝም ነበር።

እየሮጥሁ ቤት ገብቼ ዲስኩን አምጪ ብላት በጣቷ ወደ ጓሮ ጠቆመችኝ። ታኅሣሥ ላይ ማሽላው ጉድጓድ ሲገባ ዲስኬን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ቅል ውስጥ ከትታ፣ አፉን በሰም ደፍና ከእህሉ መሃል ቀብራዋለች! «እሳት የለ፣ ሌባ የለ፣ አይጥ የለ፤ ያልሽው ይኸው አይደለም?» አለችኝ። ልሳቅ ወይ ላልቅስ? ጉድጓድ ያለጊዜው ከተከፈተ ነቀዝ እንደሚገባው፣ ያ ማሽላ የክረምት ጉርሳችን መሆኑን አንተም እኔም እናውቃለን። እኔ ራሴ ይቅር እማ አልኋት። እሷ ግን ዶማውን አነሳች። «ውሃው ከሄደ ለከርሞ የምቀብረው ምን አለኝ?» አለችና የጉድጓዱን ክዳን በገዛ እጇ አፈረሰችው።

የተዘጋ ጉድጓድ አየሩ ሰው ይገድላልና ወዲያው አይገባበትም። ተራ የሚያከፋፍሉን የውሃ አባታችን ጋሼ ይልማ ኩራዝ ለኩሰው በገመድ አወረዱ፤ ጠፋ። ቆይተው አወረዱ፤ አሁንም ጠፋ። እኔ ከአፋፉ ላይ መዝለል ነው የቀረኝ። እሳቸው ተረጋግተው ቁጭ አሉና «ጉድጓድ የቸኮለን ይወዳል፤ እረፊ» አሉኝ። ጥላው ሲረዝም ኩራዙ ሳይጠፋ ቆየ፤ ማንንም ሳያስገቡ ራሳቸው ወርደው ቅሉን አወጡልኝ። ዲስኩ ለብ ብሎ፣ የጉድጓድ ማሽላ ይሸት ነበር። አሁንም ይሸታል።

በማህበሩ ዕቃ ቤት ከተቃጠለው ጋር መንታ ሆኖ የመጣ ሰርቨር አለ፤ የሻይ ፔርሙስ ማስቀመጫ ሆኖ ነው የኖረው። አቶ ጌታቸው ያለ ቦርዱ ፈቃድ አይነካም አሉ። ነካሁት። በምዝገባው ዕለት ፔርሙሱን አውርጄ፣ ማሽኑን ተሸክሜ፣ ገበሬው በተሰበሰበበት አዳራሽ መሃል አስቀመጥሁትና ዲስኩን ሰካሁ። በስክሪኑ ላይ የምትሞላ ሰማያዊ መስመር አለች፤ እሷ ስትሞላ ሥራው አለቀ ማለት ነው አልኋቸው። አቶ ጌታቸው ስብሰባው ተበትኗል ቢሉ ማን ይንቀሳቀስ! ቦይ እንደሚጠብቁ ዙሪያውን ከበው ተቀመጡ፤ ለሶላት እንኳ የሚወጡት እየተፈራረቁ ነው። መስመሯ ከግማሽ አለፍ ስትል መብራት ጭልም አለ። ከሀ መጀመር ግድ ሆነ። አንዳንዱ ከንፈሩን ሲመጥ አብዱልፈታህ ወጣ። መሬቱ ከቦዩ ራስ ነው፤ አዲስ ምዝገባ ቢሆን የሚጠቀመው እሱ ነበር። ቤቱ ሄዶ ጄኔሬተሩን በጋሪ ጭኖ መጣ። ለምን ስለው «የእናትሽን ውሃ ጠጥቼ ዱዓዬ አይሰማም» አለኝ።

ማሽኑ ተነሳ። የድሮው ገጽ፣ የድሮው ስም ዝርዝር፣ ሁሉም እንዳለ መጣ። ጋሼ ይልማ ጮክ ብለሽ አንብቢ አሉኝ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁ። የእኛ ላይ ስደርስ ሁለቴ አነበብሁት፤ ሐሙስ፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እትዬ ጌጤ እልል አለች። አቶ ጌታቸውን አልጠላቸውም፤ እንግዲያውስ በነበረው ይቀጥል ብለው ወጡ።

በማግስቱ ግን ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝ። የማህበሩን ንብረት ያለ ፈቃድ ነክቻለሁና አጥፍቻለሁ ብዬ ልፈርም ነው። አልፈረምሁም፤ አልፈርምምም! ከሥራ ቢያስወጡኝ ሽንኩርት ተክዬ እበላለሁ፤ ውሃው እንደሆነ አለን። ዝም አይነቅዝም አልኸኝ ሀሩን። ዝም ያለው ሁሉ ሲነቅዝ እያየሁ እንዴት ብዬ ልመንህ? የእኛ ማሽላ የሚነቅዘው ስለተናገርን ነው ካልህ ደግሞ ይንቀዝ። ቶሎ ቶሎ እየፈጨን፣ ለጎረቤትም እያካፈልን ነው።

አሁን የዚህን ደብዳቤ ዋና ነገር ልንገርህ። አብዱልፈታህ ለዑምራ ሲመጣ ከዚህ ወረቀት ጋር አንድ ዲስክ ያደርስልሃል። የማሽኑ ሙሉ ቅጂ ነው። አንዱ ቢሮ አለ፣ ከሽቦ ተነቅሎ። አንዱ ጋሼ ይልማ ቤት አለ። ሦስተኛው ጉድጓድ አንተ ነህ። እዚህ መብረቅ ቢወርድ፣ ጎርፍ ቢመጣ፣ ሰው ቢከፋ፣ ጅዳ ድረስ የሚደርስ የለም። አብሮህ የሚሠራው ሷሊሕ ኮምፒውተር አለው ብለኸኝ ነበር፤ በየዓመቱ አንዴ ሰክቶ ይክፈተው፤ ሳይከፍቱ ቅጂ አለኝ ማለት ባዶ ተስፋ ነው። በአካል አልቀረበም የተባልኸው አንተ ነህና አሁን ቀርበሃል። ከዚህ ወዲያ ተይው የምትለኝ እንዴት ብለህ ነው?

ለሐያት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችው ሻሽ ለእማ በጣም አምሮባታል። ኢክራምን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። ለሷሊሕም ሰላም በልልኝ፤ ዲስኩን ከምግብ ያርቀው፣ በእኛ ይብቃ። ጋሼ ይልማ፣ ወገቡ ይሻለው ዘንድ እጸልይለታለሁ ብለዋል። እትዬ ጌጤ በሄድህበት ሁሉ ይቅናህ ትልሃለች። እማ አጠገቤ ተቀምጣ ዱዓ ስታደርግልህ ቆየችና አሁን እንዲህ ብለሽ ጻፊ አለችኝ፦ «ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ እንዳይደውል፤ ውሃ ላይ ነኝ።»

እህትህ ኑርሃን
ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 14 ቀን 2001 ዓ.ም.