የሥራን ክብር በደረጃ ላይ ላስተማሩን ርእሰ መምህር

ክቡር ርእሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ የደም ግፊትዎና ክራባትዎ በየቦታቸው እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከትምህርት ቤትዎ አጥር ማዶ ያለው የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤት ነኝ፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ በእኔ እጅ የምታድገው፣ እርስዎም ሰሞኑን ከክፍል ያባረሯት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አክስት። ቤት ውስጥ «ጠበቃዋ» እንላታለን። ስሙ እንደሚገባት ያረጋገጡልን እርስዎ ስለሆኑ፣ ምስጋናዬን በቁምስናችን ቤተ ክርስቲያን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው ላቀርብልዎ ወደድኩ። ምስጋናው ስለበዛብኝ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ደረጃው አመሰግናለሁ። ከሀገረ ስብከቱ እንግዳ ይመጣል፣ የቤተ ክርስቲያንን ማኅበራዊ አስተምህሮ በተግባር የሚኖር አርአያ ትምህርት ቤት ይመረጣል በተባለ ጊዜ፣ እርስዎ ግቢውን ለማሳመር ያልቆፈሩት ጉድጓድ አልነበረም። የፎቁ ደረጃ የብረት መደገፊያ ቀለም እንዲቀባ ተነቀለ፤ ከተቀባም በኋላ እንግዳው እስኪመጣ ሰው ነክቶ እንዳያበላሸው ብለው መጋዘን አስቆለፉበት። ልጆቹ «እማማ ሳሙና» የሚሏት፣ እርስዎ ወደዚህ ግቢ ከመምጣትዎ በፊት ጀምራ ክፍሎቹን የምታጸዳው ሴት፣ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዛ ስትወርድ አዳለጣት። የምትይዘው ፈልጋ አየር ጨበጠች፤ ቀኝ እጇ ተሰበረ። መደገፊያው ግን አንድም ጭረት አልደረሰበትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሁለተኛ፣ በበሩ ላይ ስላሳዩት ትሕትና አመሰግናለሁ። እማማ ሳሙና እጇን በጄሶ ታስራ ስትመለስ በቦታዋ ሌላ ሴት ገብታ ነበር። ዘበኛው አላስገባሽም ቢላት እዚያው ቆማ ጠበቀችዎ። «ጌታዬ፣ እስክድን ቀላል ቀላሉን ልሥራ። ደወል እደውላለሁ፤ ሕፃናቱን መንገድ አሻግራለሁ» አለችዎ። እርስዎም የመኪናዎን መስታወት እስከ ግማሽ ዝቅ ለማድረግ ሳይሰስቱ፣ «በአንድ እጅሽ ምን ልትሠሪ ነው? ደግሞ እንግዳ እየመጣ ነው፤ እንዲህ ሆነሽ አትታይ» አሏት። ይህን የሰማሁት ከደጄ ላይ ፎጣ ሳሰጣ ነው። እማማ ሳሙና አላለቀሰችም። ሻርፗን ሳብ አድርጋ ጄሶውን ሸፈነችው፤ የሰረቀችውን ዕቃ የምትደብቅ ነበር የምትመስለው።

ሦስተኛ፣ እንግዳው ስለመጡበት ቀን። ልጆቹ በዚያው ሳምንት ስለ ሥራ ክብር ሲማሩ ነበር የሰነበቱት። እንግዳው ሽማግሌ አባ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው፣ «የሥራ ክብር ማለት ምንድን ነው፣ ልጆቼ?» ብለው ሲጠይቁ፣ እርስዎ መልሱን ያስጠኑት ልጅ ቃሉ ጠፍቶበት ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ጠበቃዋ እጇን እንኳ ሳታወጣ ተነሥታ፣ «አባ፣ ሰው መጥረጊያ መያዝ ቢያቅተውም ያው ሰው ነው ማለት ነው። እማማ ሳሙና ግን እጇ ሲሰበር ከበር ተመለሰች» አለች። እርስዎም ፈገግ ብለው ወደ አባ ጆሮ ጠጋ አሉና፣ መምህርቷም ልጆቹም እየሰሙ፣ «እናት የላትም፤ እንዲህ ያለ ነገር መፍጠር ትወዳለች» አሉ።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ርእሰ መምህር፣ ምስጋናዬ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። የዚያችን እናት ፀጉር ለመጨረሻ ጊዜ ያበጠርኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ማታ ቤት ገብታ የጠየቀችኝ «እናት የሌለው ሰው እውነት መናገር አይችልም እንዴ?» ብላ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ደግሞ ለሁለት ሰው ነው የማስታውሰው። በማግሥቱ «በብልግና» ከክፍል አገዷት። እኔ ግን ያገዷት ለዕረፍት አስበውላት ነው ብዬ ተጽናናሁ።

አራተኛ፣ ተማሪዎችዎ ትምህርት ስለገባቸው እንኳን ደስ አለዎት። ጠበቃዋ በቀረችበት ጠዋት የሦስተኛ ክፍል ልጆች በሙሉ፣ እንግዳው ከሄዱም በኋላ መደገፊያው ባልተመለሰበት ደረጃ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ አንወጣም አንወርድም አሉ። መምህርታቸውም ልጅ ቢወድቅ ልትቀልብ ከታች ቆመች። እርስዎ ከቢሮ ወጥተው «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ሲጮኹ፣ ከፊት የተቀመጠችው ጥርሰ ወላቃ፣ «አጋርነት ነው። ፈተና ላይ ይመጣል ተብለናል» ብላ መለሰችልዎ። መደገፊያው ከምሳ በፊት ቦታው ገባ። ለካ መጋዘኑ ቁልፍ ነበረው!

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር አላስቀምጥም፤ የእኔ ሥራ ነውና መኩራራት ይሆንብኛል። የዚህ ሰፈር እናቶች ጭንቅላት በእጄ ነው የሚያልፈው። ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠች ሴት ደግሞ ወሬው ካልጣማት እንኳ ተነሥታ አትሄድም። ለእያንዳንዷ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። እውነቱ ራሱ ቅመም ስለነበረው መጨመር አላስፈለገኝም። እናቶቹ ከጠሩት የወላጆች ስብሰባ እርስዎ ሥራ በዝቶብኛል ብለው ሲቀሩ፣ አዳራሹ ሰው አልችል ብሎ በመስኮት የሚያዳምጥ ነበር። ሽማግሌው አባም መጥተው ነበር። ለካ የልጅቷን ቃል «ፈጠራ» ብለው አልተዉትም፤ እማማ ሳሙና ቤት ድረስ በእግራቸው ሄደው ጠይቀዋል።

ስለዚህ ወላጆችና አባ ያለ እርስዎ የወሰኑትን በአክብሮት አሳውቅዎታለሁ። እማማ ሳሙና ሰኞ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ እጇ እስኪድን ደወል ትደውላለች፣ ሕፃናቱን ታሻግራለች። የአርአያነት ሽልማቱ ለትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ ለሦስተኛ ክፍል ልጆች ሆኗል። በትምህርት መዝጊያው በዓል የክብር እንግዳዋ እማማ ሳሙና ናት፤ ከአባ ጎን ያለው ባለመከዳው ወንበርዎ ለእሷ ነው። ስለ ሥራ ክብር የሚነበበውን ጽሑፍ ደግሞ፣ ድምፅዎ ያማረ ነው ተብሎ፣ እርስዎ እንዲያነቡት ያለ ተቃውሞ ተመርጠዋል። ሲያነቡ ወደ እሷ ዞረው ቢሆን ደስ ይለናል።

ቂሟን እንደ ደንበኛ ፀጉር አጥባ፣ አበጥራ፣ አሳምራ የምታስቀምጥ፣

አክባሪዎ፣ የጠበቃዋ አክስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጅቷ በአደባባይ ይቅርታ ካልጠየቀች ክፍል አትገባም ማለትዎን ዘበኛው ነግሮኛል። ነገርኳት፤ እሺ ብላለች። በዓሉ ላይ ሰው ሁሉ ባለበት ይቅርታ ትጠይቅዎታለች። ብቻ በዚያው መድረክ ላይ እርስዎም እማማ ሳሙናን የሚጠይቁት ይቅርታ እንዳለ አስታውሳ፣ «ቅድሚያ ለታላቅ» ብለው ያስተማሯት እርስዎ ስለሆኑ፣ ተራዋን ለእርስዎ ለቃለች።