ኩልፎ ዳር የወጣ ድምፅ

ሰኞ

ዛሬ የድራሙን ቆዳ ቀደድኩት። በሁለተኛው ዘፈን መሃል። ጀማል ጊታሩን እንዳቀፈ ሳቀ፣ «አስቴር፣ ምን በደለሽ?» አለኝ። አሠልጣኛችን ግን አልሳቀም። የቀበሌው ኪነት ቡድን ማርሽ ነው የሚፈልገው፤ እኔ፣ ጀማልና አኮርዲዮን የሚጫወተው ልጅ ስንጫወት ደግሞ ሁሉም ዘፈን ይፈጥናል፣ ይጮኻል። «እሳት ልታጠፉ ነው የምትሮጡት?» አለን። እኔን ደስ የሚለኝ እንደዚያ ሲሆን ነው።

ቤት ሁሉም ነገር በሹክሹክታ ነው። ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ እንግዳ መስለው እኛ ቤት ይመጣሉ፤ በከንፈር ብቻ እንዘምራለን። አባባ ወንጌል ሰባኪ ነበር። አሁን ሙዝ ያለማል። ድራም እንደምመታ አያውቅም፤ መሠረተ ትምህርት የማስተምር ይመስለዋል።

ማክሰኞ

ጀማል የፍየል ቆዳ አምጥቶ ወጠረልኝ። ድምፁ ወፍራም ሆነ። ወደድኩት።

ኪነቱ በአዳራሹ በሚያሳየው ድራማ ላይ እናት ሆና የምትጫወተውን ልጅ ወባ ጣላት። አሠልጣኙ «ቃሉን ታውቂዋለሽ፣ አንቺ ትሠሪዋለሽ» አለኝ። ትርኢቱ ቅዳሜ ነው። የዘመተ ልጇን ስም እየጠራች የምትጮህ እናት። ሞከርኩ፤ ድምፄ አልወጣም። ለካ የምደፍረው ድራሙ ፊቴ ሲኖር ነው!

ረቡዕ

ዛሬም አልሆነም። የባሰው ደግሞ ቤት ጠበቀኝ። አባባ ከሰው ሰምቷል። እጄን ይዞ ገለበጠው፣ የድራም መምቻው የላጠውን አየ። ሊቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ «ያማል?» አለኝ። በቃ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ድራማውንም።

ከኪነቱ ብቀር ቀበሌው «ምን ሆነች?» ብሎ ቤታችን ይመጣል። ያንን ሁለታችንም አላነሳነውም። አባባ ራት አልበላም።

ሐሙስ

ጠዋት አባባ «ተነሺ፣ ማሳ እንሂድ» አለኝ። የኩልፎ ወንዝ ሞልቶ ያጓራል። ሙዙ መሃል አቆመኝና «እዚህ ማንም አይሰማም፤ ልጅሽን ጥሪው» አለ። ጠራሁ። ራሱን ነቀነቀ። ደግሜ ጠራሁ። አባባ ሲጨንቀው አማርኛው ወንድ ያደርገኛል፦ «ጩህ!» ሳቅ አመለጠኝ፣ ከሳቁ ጋር ድምፄ ወጣ። እኔው ደነገጥኩ።

ከዚያ እሱ ጀመረ። መዝሙር፣ በጋሞኛ፣ በሙሉ ድምፁ። እንዲህ ይዘምር እንደነበር ረስቼው ነበር። የአንገቱ ደም ሥር ተገተረ፣ እንባው ወረደ። ምን ላድርግ? ውሃ የምንቀዳበትን ጄሪካን ገልብጬ መታሁለት። ቀስ ብዬ። ከዚያ ፈጠን አልኩ። እሱም ፈጠነ።

ዓርብ

በልምምዱ አሠልጣኙ ቀና ብሎ አየኝ። ጀማል «ማን ቀየረሽ?» አለ። የድራሙን ቆዳ ማጥበቅ ጀመርኩ። ለጀማል እንኳ አይነገርም። ምናልባት ወንዙ ዳር ሰው ሰምቶን ቢሆንስ?

አባባን ትመጣለህ ወይ አልኩት። «አላውቅም» አለ።

ቅዳሜ

አለቀ።

የእናትየዋን ነጠላ እንደለበስኩ ድራም መታሁ፣ መምቻውን ለጀማል ሰጥቼ ወደ ፊት ወጣሁ። ልጄን ጠራሁት። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት «ወይኔ ልጄ!» ብለው ማልቀስ ጀመሩ። የእውነት ልጃቸው ዘምቶ ኖሯል። ያኔ የተጻፈው ቃል ሁሉ ጠፋኝ። መጮህም አልቻልኩ። እሳቸውን እያየሁ ስሙን ብቻ ደጋገምኩት፣ ቀስ ብዬ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። የኋላዎቹም ሰሙኝ።

አባባ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አልገባም፣ አልሄደም። ወደ ቤት አብረን ተመለስን። በሚቀጥለው ሳምንት ላንቴ የሚባለው መንደር ሄደን እንደምንጫወት ነገርኩት። እርምጃውን ፈጠን አደረገ። ደጃፋችን ስንደርስ «ሴትየዋ ማን ይባላሉ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት።

«ጠይቂ። ነገ ቤታቸው እንሄዳለን። ሙዝ እንወስድላቸዋለን።»

ላንቴን ፈቀደልኝ ማለት ነው? አልጠየቅሁትም። ጓዳ ገብቶ የበሰለውን እየመረጠ ነው።